ሰው ነኝ ወይስ ወንድ ነኝ?

ስለ አፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ወይም ስለ ጥቁሮች ሙዚቃ ወግ በተነሣ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ ሳይጥላት የማይነሣ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ቅኝ ገዥው ወንድነታችንን ሰለበው»። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ራስ ይነቀነቃል፣ ሁለተኛ ቡና ይታዘዛል። በልቦለዱ ውስጥ ሚስቱን የሚደበድበው ሰው የታሪክ ቁስለኛ ይሆናል፤ በዘፈኑ ውስጥ ሴትን የሚያዋርደው ድምፃዊ የነፃነት ታጋይ ይሆናል። ተደብዳቢዋ ምን እንደምትሆን ግን እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።

ቅኝ አልተገዛንም ብለን የምንኮራ ሰዎች ይህችን ዓረፍተ ነገር ከጎረቤት ተውሰን እንዲህ መመቻቸታችን ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ለጊዜው እሱን ልተወውና ከዓረፍተ ነገሯ ጋር ልጣላ። ሙሉ ውሸት ብትሆን ኖሮ ማንም አይነካትም ነበር። ክፋቷ ግማሽ እውነት መሆኗ ነው።

ግማሹን እውነት አስቀድሜ ላስረክብ። ቅኝ ገዥው ልጅ የዳረውን፣ የልጅ ልጅ ያየውን፣ በአገሩ ሸንጎ ቃሉ የሚሰማለትን ሰው «ቦይ» ብሎ ጠርቶታል። ወጥ የሚሠራለት ሽበታም «ቦይ» ነበር፤ ልብስ የሚያጥብለትም «ቦይ» ነበር። የአሜሪካው ጥቁርም ዕጣ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሙዲ ዎተርስ በሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ላይ ያደገ ሰው ነው። በ1955 (በዚህ ጽሑፍ ያሉትን ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያንብቡልኝ) ባስቀረጸው «ማኒሽ ቦይ» በተባለው ዘፈኑ «ማን» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ፊደል በፊደል እየነጠለ ሲጠራት፣ ዕድሜ ልኩን የተነፈገውን ነገር በአደባባይ እየቆጠረ የሚረከብ ይመስላል።

በ1968 ሜምፊስ ከተማ ውስጥ ሁለት ጥቁር የቆሻሻ ሠራተኞች በገዛ መኪናቸው መጭመቂያ ተጨፍልቀው ሞቱ። ከ1,300 የማያንሱ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሥራ አቁመው አደባባይ ሲወጡ በደረታቸውና በእጃቸው የያዙት ጽሑፍ ስለ ደመወዝ አንድም ቃል አልነበረበትም። «አይ አም ኤ ማን» ይላል። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለው እነዚህን ሰዎች ሊያግዝ ወደዚያች ከተማ በሄደበት ነው።

እስቲ ያንን ጽሑፍ ወደ አማርኛ መልሱት። «ሰው ነኝ» ትላላችሁ ወይስ «ወንድ ነኝ»? እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ ያልፋል፤ አማርኛችን ግን ምረጡ ይላል። የምጣላበት ነገር ሁሉ ያለው በዚህ ምርጫ ላይ ነው። «ሰው ነኝ» ያለውን ጩኸት የሚንቅ ሰው ልብ የለውም። ያ ጩኸት በየመጽሐፉና በየሸክላው ቀስ እያለ ወደ «ወንድ ነኝ» ሲለወጥ ግን ከጩኸቱ ጋር የዕዳ ደብተርም አብሮ ይከፈታል፤ ዕዳውም ከቅኝ ገዥው ሳይሆን ከቤት ይሰበሰባል።

የቺንዋ አቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» ያላነበበ፣ ቢያንስ ስለሱ ያልሰማ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ በከተማችን ያለ አይመስለኝም። መጽሐፉ በ1958 ለንደን ላይ ታተመ። ብዙዎቻችን በአንድ መስመር ጠቅልለን አስቀምጠነዋል፤ ጀግናው ኦኮንኮ ከነጭ ጋር ታግሎ ወደቀ። እንግዲህ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርዳችሁ ከፊቱ ጀምራችሁ ቁጠሩ። ነጭ በኦኮንኮ ሕይወት ውስጥ እግሩን ሳያስገባ ሰውየው ምን ሠርቶ ነበር? በሰላም ሳምንት፣ የአገሩ ሕግ እጅ ማንሣትን በከለከለበት ቀን፣ ታናሽ ሚስቱን ኦጂዩጎን ደብድቧታል፤ ጥፋቷ ጸጉሯን ልትሠራ ሄዳ ምሳ በሰዓቱ አለማድረሷ ነበር። ሁለተኛ ሚስቱን ኤክዌፊን በጠመንጃ ተኩሶባታል፤ ስቷት ነው የተረፈችው። ከሁሉም የባሰው ግን የኢኬሜፉና ነገር ነው። ልጁ «አባቴ» ይለዋል። የተከበሩ ሽማግሌ «በዚህ ልጅ ሞት እጅህን አታስገባ» ብለው አስጠንቅቀውታል። ኦኮንኮ ግን «ፈሪ ይሉኛል» ብሎ በገዛ እጁ በገጀራ መታው።

ይህ ሁሉ የሚያልቀው በመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ነው። ቄስ የለም፣ የእንግሊዝ ሹም የለም፣ ፍርድ ቤት የለም። ኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመጡ የኦኮንኮ የበኩር ልጅ ንዎዬ ወደ እነርሱ ኮበለለ። ደራሲው እዚህ ላይ በጣም ጠንቃቃ ነው፤ ልጁን የማረከው የሥላሴ ትምህርት እንዳልነበረ፣ እሱማ እንዳልገባው በግልጽ ይነግረናል። ያስኮበለለው የኢኬሜፉና ሞትና በጫካ የተጣሉ መንትያ ሕፃናት ለቅሶ ነው። ሚሲዮናዊው የቤቱን በር አልሰበረም፤ ኦኮንኮ ከፍቶ ጠብቆታል።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ዓይናችን ሳያርፍባት የምታልፍ አንዲት ቃል አለች፤ «አግባላ»። በኢግቦ ቋንቋ «ሴት» ማለት ነው፤ ማዕርግ ላላገኘ ወንድም መጠሪያ ይሆናል። ኦኮንኮ ሕፃን ሳለ አብሮ አደጉ አባቱን «አግባላ» ብሎ ሰድቦበት፣ ዕድሜውን ሙሉ ከዚያች ቃል ሲሸሽ ኖረ። እኛም ሩቅ አይደለንም። ባለጌውን «ሴት ያሳደገው» ብለን እንሰድባለን፤ ደፋሯን ማመስገን ስንፈልግ ደግሞ «ወንድ ናት» እንላለን። ይህን ያስተማረን ቅኝ ገዥ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

አቼቤ ግን ተንኮለኛ ነው። የኡሙኦፊያ ሰዎች ሳያስፈቅዱት ጦርነት የማይከፍቱት፣ የሩቅ ጎረቤት ሳይቀር መጥቶ የሚጠይቀው የዋሻው አምላክ ስሙ ማን ይባላል? አግባላ። ቃሉን የምታወጣውም ቺዬሎ የተባለች ሴት ናት። አንድ ሌሊት ቺዬሎ መጥታ የኦኮንኮን ልጅ ኤዚንማን በጀርባዋ አዝላ ስትወስድ፣ ያ በትግል ያልተጣለ፣ በጦር ሜዳ ያልተመለሰ ሰው እንደ ልጅ ይለምናታል፤ ልመናው አልሆን ሲለው ገጀራውን ይዞ በጨለማ ውስጥ ይመላለሳል። የሰውየው ትልቁ ስድብና የአገሩ ትልቁ ኃይል አንድ ስም ነበራቸው። ኦኮንኮ ይህን አላየም። እኛ አንባቢዎቹም ብንሆን የሰውየውን ዓይን ተውሰን ነው ያነበብነው።

አቼቤን ቅዱስ እያደረግሁት እንዳይመስላችሁ። የኦኮንኮ ትልቋ ሚስት፣ የንዎዬ እናት፣ መጽሐፉ እስኪያልቅ ድረስ ስሟ እንኳ አይነገረንም። ሆኖም ደራሲው ያን ወንድነት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሲመረምረው እንጂ ሲያወድሰው አላየሁም፤ ፉከራውን የጨመርነው እኛ ነን።

አሁን ከልቦለዱ ወጥተን በዚያው በኢግቦ ምድር ወደ ሆነው እንለፍ። እንግሊዞች እዚያ ሲደርሱ በእጅ አዙር የሚገዙበት ንጉሥ ፈለጉ፤ በአብዛኛው ሥፍራ ግን ንጉሥ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ወረቀት ጽፈው ሹም ፈጠሩ፤ «ዋራንት ቺፍ» አሉት። ሹሞቹ እጅግ ከጥቂት በቀር ወንዶች ነበሩ። ከዚያ በፊት ሴቶቹ የራሳቸው ሸንጎ ነበራቸው፤ የገበያውን ነገር እነርሱ ያዩታል፤ ሚስቱን የበደለ ወንድ ካለም ተሰብስበው ደጁን ይከቡና በዘፈን ያዋርዱታል፣ የቤቱን ጭቃ እስከ ማፍረስ ይደርሳሉ፤ ባሎችም ጣልቃ አይገቡም። እንግሊዙ ይህን ሁሉ አላየውም። በአገሩ ሴት እንዲህ ስታደርግ አይቶ አያውቅማ!

በ1929 መጨረሻ ኦሎኮ በምትባል ቦታ አንድ የሹም መልእክተኛ ንዋንዬሩዋ ወደምትባል ሴት ግቢ ገብቶ ሰውሽንና ፍየልሽን ቁጠሪ አላት። ግብር በሴቶች ላይ ሊጣል ነው የሚለው ወሬ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ተነሥተው የሹሞችን ባርኔጣ ቀሙ፣ የወረቀት ፍርድ ቤቶችን አፈረሱ። የቅኝ ገዥው ወታደር ተኩሶ ከሃምሳ የሚበልጡትን ገደለ። እንግሊዝ በመዝገቡ ላይ «ረብሻ» ብሎ ጻፈው፤ ኢግቦዎቹ እስከ ዛሬ «የሴቶች ጦርነት» ይሉታል። ኢፊ አማዲዩሜ የተባለች የዚያው ሕዝብ ልጅ በ1987 ባሳተመችው ጥናት በንኖቢ ከተማ ሴት ልጅ የወንድን ቦታ ይዛ አባቷን ልትወርስ፣ ባለጸጋ ሴት ሚስት «አግብታ» ባለቤት ልትሆን ትችል እንደነበር አሳይታለች። ቤተ ክርስቲያኑና ጽሕፈት ቤቱ ይህን ነውርም ሕገ ወጥም አደረጉት። እንግዲህ «የጥንት የጠዋቱ የአፍሪካ ወንድነት» እያልን ደረት የምንደቃለት ነገር ቢያንስ ግማሹ በእንግሊዝ ጸሐፊ ቀለም የተጻፈ ነው። ተሰለበ የተባለው ወንድ በአንድ በኩል ማዕርጉን ሲቀማ በሌላ በኩል ድሮ ያልነበረውን ጌትነት ጉርሻ ተቀብሏል።

ወደ ሙዚቃው ስመጣ የምከሰው በጣም የምወደውን ሰው ነው። ፌላ አኒኩላፖ ኩቲ በ1972 «ሌዲ» የተባለውን ዘፈን አወጣ። ከበሮውን ቶኒ አለን ይዞታል፤ እግር አያስቀምጥም። መልእክቱ ደግሞ ይህ ነው፤ «ሌዲ» ነኝ የምትለው የዘመኑ ሴት ከወንድ እኩል ነኝ ትላለች፣ ከወንድ ቀድማ ማዕድ ላይ ትቀመጣለች፤ እውነተኛዋ አፍሪካዊት ግን ባሏ ጌታዋ መሆኑን ታውቃለች፣ ታበስላለች፣ ትታዘዛለች። እኩልነት የነጭ በሽታ፣ መታዘዝ የአፍሪካ ጤና ማለት ነው።

ይህን የዘፈነው የማን ልጅ ነው? የፉንሚላዮ ራንሰም ኩቲ። እኒህ ሴት በአቤኦኩታ ከተማ የገበያ ሴቶችንና የተማሩትን በአንድ ማኅበር አሰልፈው፣ እንግሊዝ በሴቶች ላይ ለብቻ የጣለውን ግብርና ግብሩን የሚሰበስበውን ንጉሥ፣ አላኬውን፣ የተጋፈጡ ናቸው። በ1947 ሴቶቹ ቤተ መንግሥቱን ከበው በዘፈን ሲሰድቡት ይውሉ ነበር፤ ያ የኢግቦ ሴቶች ልማድ በዮሩባም አገር እንግዳ አልነበረም። የሴቶቹ ግብር ተነሣ፤ አላኬውም በ1949 መጀመሪያ ላይ ዙፋኑን ለቆ ተሰደደ፤ በኋላ ቢመለስም። ፉንሚላዮ እንግሊዝ አገር የተማሩ ነበሩ። ትግሉ ሲጠናባቸው የፈረንጅ ቀሚሱን ጥለው የዮሩባ ልብስ ለበሱ፤ የቅኝ ግዛቱ ሹሞች ፊት በዮሩባ እየተናገሩ አስተርጓሚ እንዲፈልጉ አስገደዷቸው። ፌላ የተወለደው በ1938 ነውና ያን ጊዜ ዐሥር ዓመት ገደማ ነበር። አድጎ «ሌዲ»ን ሲዘፍን ከእናቱ በላይ አፍሪካዊት የሚላት ሴት የት አግኝቶ ይሆን?

የሚያስገርመው ይህ ብቻ አይደለም። ፌላ በ1969 ሎስ አንጀለስ ሲደርስ ስለ ፖለቲካ የሚዘፍን ሰው አልነበረም። የማልኮም ኤክስን የሕይወት ታሪክ ያስነበበችው፣ ጥቁርነትህን ዕወቅ ያለችው ሳንድራ ኢዚዶር የተባለች የጥቁር አሜሪካውያን ትግል ሴት ናት። አፍሪካን መውደድ ከሁለት ሴቶች ተማረ፤ የመጀመሪያዋ ወለደችው፣ ሁለተኛዋ አነቃችው።

ዘፈኑን ያወጣው ደግሞ በፒጅን እንግሊዝኛ ነው። በእናቱ ቋንቋ በዮሩባ ቢሆን ኖሮ አንድ ችግር በገጠመው ነበር። ዮሩባ «እሱ»ና «እሷ» ብሎ አይለይም፤ አንድ ቃል ለሁለቱም ይበቃል፤ ቋንቋው አጥብቆ የሚለየው ታላቅና ታናሽን ነው። ኦዬሮንኬ ኦዬዉሚ በ1997 ባሳተመችው መጽሐፍ ከዚህ ተነሥታ «ሴት» የሚለው መደብ በዮሩባ አገር የቅኝ ግዛት ፈጠራ ነው እስከ ማለት ትደርሳለች። እኔ እስከዚያ ድረስ አልከተላትም፤ የቋንቋ ሰዋስው የጓዳን እውነት ሁሉ አይናገርም። «ሌዲ»ን የአፍሪካ ባህል ምስክር አድርጎ ለሚያቀርብልኝ ሰው ግን መልስ ይሆነኛል። ታዛዥ፣ ስፌት የምታውቅ፣ ማዕድ አሰማምራ ባሏን የምትጠብቅ ሴት በማምረት የተጠመደው እኮ የሚሲዮኑ የሴቶች ትምህርት ቤት ነበር!

ቀሪው ታሪክ መራራ ነው። ፌላ «ዞምቢ» በሚለው ዘፈኑ ወታደሩን አሻንጉሊት አድርጎ ከሣቀበት በኋላ፣ የካቲት 18 ቀን 1977 (ያው በፈረንጆቹ) አንድ ሺህ ያህል ወታደሮች ካላኩታ ያለውን ቤቱን ወረሩ። ቤቱን አቃጠሉ፤ ፌላን ደበደቡ፤ በቤቱ የነበሩትን ሴቶች ደፈሩ፤ የሰባ ስድስት ዓመቷን እናቱን በመስኮት ወረወሯቸው። ፉንሚላዮ ከዚያ ጉዳት ሳያገግሙ በሚያዝያ 1978 ዐረፉ። መንግሥት ያቆመው አጣሪ ጥፋቱን «ባልታወቀ ወታደር» ላይ ጣለው። ወታደሮቹ የተሰደበ ወንድነታቸውን ለመበቀል ወደማን እንደሄዱ ልብ በሉ፤ ወደ ዘፋኙ እናትና ወደ ዘፋኙ ቤት ሴቶች። ፌላስ? ከዓመት በኋላ በየካቲት 1978 በአንድ ሥነ ሥርዓት 27 ሴቶችን አገባ። ወዳጆቹ እንደሚሉት ጋዜጣው «ጋለሞታ» እያለ ለሚያሳድዳቸው ለእነዚያ ዘፋኞችና ተወዛዋዦች ከለላ መስጠቱ ነበር፤ ሴቶቹም ተጎትተው አልመጡም። ይህን አልክድም። ዳሩ ግን ወታደሩም ዘፋኙም ስለነዚያ ሴቶች ያወሩት በአንድ ቋንቋ ነበር። ለአንዱ የጠላቱ ንብረት፣ ለሌላው የራሱ ንብረት ናቸው። በ1986 ከእስር ሲወጣ ጋብቻ ቅናትና ራስ ወዳድነት ነው ብሎ የቀሩትን ፈታቸው።

ነሐሴ 2 ቀን 1997 ፌላ ሞተ። በማግስቱ ወንድሙ፣ የቀድሞው የናይጄሪያ ጤና ጥበቃ ሚኒስትር ዶክተር ኦሊኮዬ ራንሰም ኩቲ፣ የሞቱ ምክንያት ከኤድስ ጋር የተያያዘ መሆኑን ለሕዝብ ተናገሩ። ያ ድፍረት በዚያን ጊዜ አፍሪካ ውስጥ ብርቅ ነበር። ፌላ በሽታው የለም፣ ኮንዶም የአፍሪካ ነገር አይደለም ሲል ነበር የኖረው። «ወንድ ነኝ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ዘፈን መሆኑ ቀርቶ የመቃብር ጉዳይ ሆነ፤ በዚያ መቃብር የሚገባው ደግሞ ተናጋሪው ብቻ አልነበረም።

የአሜሪካኖቹን በአጭሩ ልለፋቸው፤ ብዙ የተባለበት ነው። ኦቲስ ሬዲንግ በ1965 «ሪስፔክት»ን ሲጽፍና ሲዘፍን የጠየቀው ደክሞ ቤቱ የሚገባ ወንድ ከሚስቱ የሚሻውን ክብር ነበር። አሬታ ፍራንክሊን በ1967 ዘፈኑን ወስዳ ተናጋሪውን ሴት አደረገች። የኦቲስ ቤት ጠበበና የአሬታው አገር አከለ፤ የጥቁሮች የመብት ትግል መዝሙር ሆኖ የቀረው የእሷ ነው። ለምን? «ወንድ ነኝ» የነበረው በእሷ አፍ ተመልሶ «ሰው ነኝ» ስለሆነ ይመስለኛል። በ1966 ዓለም የወንድ ናት እያለ ያስተጋባው የጄምስ ብራውን ዝነኛ ዘፈን ደግሞ ከደራሲዎቹ አንዷ ቤቲ ጂን ኒውሰም የምትባል ሴት ናት። ይህን የሚያውቅ ስንት አድማጭ አለ? ስለ ራፐሮቹማ ሰንሰለትና ስድብ ምን ይባላል፤ ኩዊን ላቲፋ በ1993 በዚያው በራፕ ቋንቋ መልሳቸዋለች፤ ግራሚም ተሸልማበታለች። የኛ ልጆች በየታክሲው የሚያስጮኹት ግን የእሷን አይደለም።

«የሴት ጥያቄ የፈረንጅ ዕቃ ነው፤ በነጭ የተዋረደውን ወንድማችንን አብራችሁ አታዋርዱት» የሚል ይመጣል። ይህን የሚል ሰው ቡቺ ኤሜቼታን ያንብብ። በ1979 ባሳተመችው «ዘ ጆይስ ኦቭ ማዘርሁድ» ውስጥ ንናይፌ የሚባለው ባል ሌጎስ ላይ የነጮችን የውስጥ ልብስ ሳይቀር ያጥባል። ሚስቱ ኑ ኤጎ ከገጠር ስትመጣ በዚህ ሥራው ታፍራለች። ቅኝ ገዥው ወንዱን ምን እንዳደረገው ከዚህ የባሰ አድርጎ የጻፈ ወንድ ደራሲ አላጋጠመኝም። ኤሜቼታ ግን እዚያ አታቆምም፤ ያ አጣቢ የሞተ ወንድሙን ሚስት ወርሶ ወደዚያችው አንዲት ክፍል ሲያስገባትም ትጽፋለች። ኑ ኤጎ በመጨረሻ ዘጠኝ ልጆች አምጣ ወልዳ መንገድ ዳር ብቻዋን ትሞታለች። ኤሜቼታ ራሷ የመጀመሪያ ድርሰቷን ለንደን ውስጥ ስትጽፍ ረቂቁን ያቃጠለው ባሏ ነበር እንጂ የእንግሊዝ ሳንሱር አልነበረም። አምስት ልጆቿን ይዛ ወጣች፤ እንደገናም ጻፈችው። ሴኔጋላዊቷ ማሪያማ ባም በዚያው ዓመት «ረጅም ደብዳቤ»ዋን በፈረንሳይኛ ስታወጣ ነፃነት የመጣለት የተማረው ባል ሁለተኛ ሚስት አድርጎ ያመጣው የገዛ ልጁን ጓደኛ ነበር።

ወንዶቹም ቢሆኑ ዝም አላሉም። ሴምቤን ኡስማን በ«ኻላ» (መጽሐፉ በ1973፣ ፊልሙ በ1975) ነፃነት ያወፈረውን ነጋዴ ሦስተኛ ሚስት አስገብቶ በሠርጉ ሌሊት ያሰንፈዋል። ስንፈቱ እርግማን ነው፤ የረገመው ደግሞ መሬቱን የቀማው ለማኝ እንጂ ነጭ አይደለም። ዳካር ሣቀች፤ ሳንሱሩ ግን ፊልሙን ቆራረጠው። ይኸው ሴምቤን በ1960 ስለ 1947ቱ የዳካር ኒጀር ባቡር ሠራተኞች አድማ በጻፈው ልቦለድ ከትዬስ እስከ ዳካር በእግራቸው የሚጓዙት ሴቶች ናቸው። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ወንዶቹ ምግብ ላጡ ልጆች ውኃ መቅዳት ይጀምራሉ። ሰማይ አልተደፋም።

የመጨረሻ ምስክሬ ከጎረቤት ነው። ሱዳናዊው ጠይብ ሷሊሕ በ1966 በዐረብኛ ባሳተመው «ወደ ሰሜን የፍልሰት ወቅት» ውስጥ ሙስጠፋ ሰዒድ የሚባል ሊቅ አለ። እንግሊዝ አገሩን በያዘበት ዘመን ለንደን ይሄድና ቅኝ ግዛትን በአልጋ ላይ ሊበቀል ይነሣል። ሦስት እንግሊዛውያት ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ አራተኛዋን፣ ሚስቱን፣ እሱ ራሱ ይገድላታል። ይህን ታሪክ የሚያደንቁ ወንዶች አጋጥመውኛል፤ «ሒሳባችንን አወራረደ» ይላሉ። ከመጽሐፉ እኩሌታ በኋላ ያለውን አላነበቡትም ልበል?

ሙስጠፋ ወደ አገሩ ተመልሶ በዐባይ ዳር መንደር ሑስና የምትባል የገበሬ ልጅ አግብቶ፣ ሁለት ልጆች ወልዶ በወንዙ ሙላት ይጠፋል። እንግሊዝ ከወጣ ቆይቷል። በመንደሩ የቀሩት የራሳቸው ሰዎች ናቸው። ወድ ረዪስ የሚባል ሰባውን የደፈነ ሴት አሳዳጅ ሽማግሌ መበለቷን እፈልጋለሁ ይላል። አላገባም፣ ብታስገድዱኝ እሱንም ራሴንም እገድላለሁ ትላለች። አባቷ ይደበድባታል፤ ወንድሞቿ ይቆጣሉ፤ ፊደል የቆጠረው ተራኪ፣ ከለንደን ዶክትሬቱን ይዞ የተመለሰው፣ ሊያድናት ይችል ነበር፤ እጁን አጣጥፎ ወደ ከተማ ይሄዳል። ሰጧት። እንዳለችው አደረገች። መንደሩ ሁለቱን ያለ ልቅሶ ገና ጎሕ ሳይቀድ ቀበራቸውና ስለ ነገሩ ማውራት ነውር ሆነ። የወድ ረዪስ የቀድሞዋ ሚስት መብሩካ ግን በዚያ ሌሊት ሁሉ ጩኸት ተኝታ ነበር። ቀስቅሰው ሲነግሯት መቃብሩን በእጁ የቆፈረ እሱ ነው አለች፤ ሑስናን እግዚአብሔር ይባርካት ብላ መርቃ፣ የተሰበሰቡትን ሴቶች ወደየሥራችሁ ሂዱ አለቻቸውና እልልታዋን አቀለጠችው።